አንዴ ጠርቶ ዝም

ባለፈው ዊንተር ያረፈው አጎቴ አንዴ ኮል ካደረገኝ ሁለተኛ አይደውልም ነበር። እኔ አይቼ እስክመልስ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ይህን ጠባይ ያመጣው ተርኪ ከሚሉት ትልቅ የዱር ወፍ አደን ይመስለኛል።

በየስፕሪንጉ ከምንኖርበት ከተማ ከዌስተርቪል ራቅ ወዳለ ጫካ ይዞኝ ይሄድ ነበር። አንድ ዛፍ ተደግፈን ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ከኪሱ ትንሽ የእንጨት ሳጥን ያወጣና ክዳኑን ጠመኔ ቀብቶ በጠርዙ ላይ ሸርተት ያደርገዋል። ሳጥኑ ልክ እንደ ሴቷ ተርኪ ይጮኻል። ከሩቅ ወንዱ ሲመልስ እኔ እቸኩላለሁ።

«ጋሼ፣ ድገመው እንጂ።»

«ሰምቶናል» ይለኛል ሳጥኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ። «ደጋግመን ከጠራነው ይጠረጥራል። መምጣቱን ለሱ ተዪለት።»

አንድ ዓመት የአደኑ ሲዝን ፋሲካ ሳይደርስ ተከፈተ። ጋሼ ጠመንጃውን ቤት ትቶ ሳጥኑን ብቻ ይዞ መጣ። አንድ ግዙፍ ወንድ ተርኪ ላባውን ነፍቶ እፊታችን ድረስ ሲንጎራደድ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እድለኛ ነህ በይው፤ ጾም ላይ ነን» አለኝ። ሳቄ አመለጠኝና ወፉ በረረ። እሱም አብሮኝ ሳቀ።

ዘንድሮ ሳጥኑን ይዤ ብቻዬን ሄድኩ። ዛፉ ስር የእሱን ቦታ ክፍት ትቼ ተቀመጥኩ። አንዴ ጠራሁ፤ መልስ የለም። ልደግመው እጄ ክዳኑ ላይ ከደረሰ በኋላ ተውኩትና ሳጥኑን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ብዙ ቆይቶ ከጉብታው ወዲያ አንዱ መለሰ።

ወደ ባዶው ቦታ ዞር ብዬ «ሰምቶናል» አልኩ።