ለገና ሌሊት የተመረጡ ዘጠኝ መብራቶች

ወይዘሮ ዋጋነሽን የማውቃት ካረጀች በኋላ ነው። ዕቃ ስትገዛ ሻጩ እስኪሰለች ድረስ ታገላብጣለች፤ ታንኳኳለች፤ አንዳንዴም ሆን ብላ ትጥላለች። የሰፈሩ ሰዎች እንደሚሉት፣ ይህ አመል የጀመራት በጣሊያን ጊዜ ለገና ሌሊት የደጅ መብራት ስትመርጥ ነው።

ያን ጊዜ ኮልፌ ገና ገጠር ነበር፤ እሷም ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። ባሏ ለመንገድ ሥራ ተወስዷል። ቤት ውስጥ የቀሩት እሷ፣ የምታጠባው ሕፃን፣ የባሏ እኅት አየለችና አማቷ አቶ ሀብተማርያም ናቸው። የሽማግሌው ዓይን ከደፈረሰ ቆይቷል። እንደዚያም ሆኖ በየዓመቱ ለገና ቅዳሴ ብቻቸውን ሄደው፣ ሳይነጋ ብቻቸውን ይመለሱ ነበር። ከዚያ በቀደመው ዓመት ግን ሲመለሱ ጣሊያኖች በደጃቸው ባስቆፈሩት ቦይ ውስጥ ወደቁ።

«ዘንድሮ ወይ ሰው ይዞዎት ይሄዳሉ፣ ወይ ቤት ይቀራሉ» አለቻቸው አየለች።

«እጄን ተይዤ ከምገባስ ይቅርብኝ» አሉ። የበዓል ጋቢያቸውንም ታጥቦ እንዲቆይ ለመስጠት እንቢ አሉ።

ዋጋነሽ ጋቢው ምሰሶው ላይ እንደተንጠለጠለ መቅረቱን ስታይ ወደ አየለች ዞረች። «እትዬ፣ እስኪነጋ የማይጠፋ መብራት ደጅ ላይ ባቆምስ?»

«በዚህ ነፋስ?» አየለች ሳቀች። «ካቆምሽማ ይሂዱ፤ እኔ ምን አገባኝ።»

ዋጋነሽ ኅዳር ሳያልቅ ሥራዋን ጀመረች። በመጀመሪያ የቤቱን ፋኖስ አጥሩ ላይ ሰቅላ አሳደረችው። ነፋሱ ከእንጨቱ ጋር ሲያላጋው አድሮ ጠዋት መስታወቱ መሬት ላይ ተበትኖ ተገኘ። ቀጥላ ከነጋዴዋ ከዙቤዳ ማሾ የሚባለውን በጋዝ የሚነድ ደማቅ ፋኖስ ተዋሰች። ማሾው ሲለኮስ ጎረቤቱ ሁሉ አደነቀ፤ አየለች እንኳ «ይኼስ ፀሐይ ነው» አለች። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ በቃኝ ይል ነበር። ዋጋነሽ ግን ሽማግሌውን አመሻሹ ላይ ወደ መንገዱ አወጣቻቸውና «እስቲ ወደ ቤት ይምጡ» አለቻቸው።

አራት እርምጃ ሄደው ወደ ቦዩ አዘነበሉ። ሮጣ ያዘቻቸው።

«ልጄ፣ ሁሉም ነጭ ሆነብኝ» አሉ አፍረው። «ጉም ውስጥ የገባሁ ይመስለኛል።»

ማሾውን መለሰች። በሦስተኛው ቀን ማታ እንጨት ልታስገባ ስትወጣ፣ ኩራዟ እንዳይጠፋባት በባዶ የሳልሳ ጣሳ ከልላ መሬት ላይ አስቀመጠቻት። ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«እዚያ ታች ያለችው ቢጫ ነገር ምንድን ናት?»

ዋጋነሽ የያዘችውን እንጨት ለቀቀችው። «ይታይዎታል?»

«አጥርቼ ነዋ!»

በማግስቱ ሕፃኑን አዝላ ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ዩሱፍ ዘንድ ሄደች። ዘጠኝ የሳልሳ ጣሳ፣ ክዳናቸው እንደ ቤት ክፈፍ ወጣ ያለ፣ በአንድ ጎናቸው ብቻ የተበሱ እንዲሆኑ አዘዘች። የመጀመሪያውን ሠርቶ ሲሰጣት ውኃ ደፋችበት። ከዚያም ከደጁ ድንጋይ ላይ ወረወረችው።

«አንቺ ልጅ፣ ጣሳ ልትገዢ ነው የመጣሽው ወይስ ልትገድዪ?»

«ጋሼ ዩሱፍ፣ ብየዳው ለቋል። ይዩት።»

አየው፤ ለቋል። እያጉረመረመ አጥብቆ በየደው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የጣሊያኖቹ ኬላ ላይ ያለው ወታደር መብራት ባየ ቁጥር የአርበኛ ምልክት ይመስለዋል። አስበሽበታል?» አላት።

«ለዚህ አይደል በአንድ ጎን ብቻ ይብሱልኝ ያልኩዎት? ጀርባው ለኬላው፣ ፊቱ ለአባባ።»

ዩሱፍ መዶሻውን አስቀምጦ አያት። የቀሩትን ስምንቱን ማንም ሳያዘው ድርብ አድርጎ በየዳቸው።

ዋጋነሽ ኩራዞቹን በየጣሳው ውስጥ አኖረችና ላምባቸውን ሞልታ፣ ፈትላቸውን አሳጥራ፣ በቦዩ አፋፍ ላይ ደረደረቻቸው። ሦስት ሌሊት አሳደረቻቸው። በሁለተኛው ሌሊት አንዷ ጠፋች፤ የአየር ቀዳዳዋን በምስማር አሰፋችላት። በሦስተኛው ሌሊት ዘጠኙም አነጉ። አየለች ጋቢውን ከምሰሶው አውርዳ ወደ ወንዝ ይዛው ወረደች።

የገና ሌሊት ሊነጋ ሲል ሁለቱ ሴቶች ከአጥሩ ኋላ ቆመው ጠበቁ። ነፋሱ ባሕር ዛፉን ያስጮኸዋል። ከታች የከዘራ ድምፅ መጣ። ሽማግሌው የመጀመሪያዋ መብራት ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። ወደ ሁለተኛዋ ተራመዱ፤ ከዚያም ወደ ሦስተኛዋ። አምስተኛዋ አጠገብ ድንጋይ ሲያደናቅፋቸው አየለች ልትሮጥ ተንደረደረች፤ ዋጋነሽ ቀሚሷን ጎትታ አስቀረቻት። ሽማግሌው ተስተካክለው ቆሙ። ከዚያ በኋላ እርምጃቸው ፈጠነ።

በሩ ጋ ደረሱ። ግን አልገቡም፤ ፊታቸውን መልሰው ወደ መጡበት መውረድ ጀመሩ።

«አባባ! ደግሞ ወዴት ነው?» አለች አየለች።

«ቆዩ እስቲ» አሉ ሳይዞሩ፣ «አንድ ጊዜ ልድገመው።»