የእኔ መርዶ

ታናሽ ወንድሜ እኔ በሕይወት እያለሁ ለልጄ መርዶዬን ነገረው።

ልጄ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ አእምሮው ግን የሕፃን ነው። እናቱ ከሞተች ወዲህ ያለሁለት እኔ ብቻ ነኝ። ዳውንታውን ፓርኪንግ እየሠራሁ ልቤ ሲደክም ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። ጥሪቴን በቀጥታ ካወረስኩት የመንግሥት እርዳታው ይቋረጥበታል፤ ትረስት በሚሉት የአደራ ውል ውስጥ ከገባ ግን የታመነ ሰው ይዞ ለሚያስፈልገው ያውልለታል አለችኝ። የታመነው ሰው ወንድሜ ሆነ። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ ነው፤ እንግሊዝኛውም ከዚያ ወዲህ ነው። ውሉ ላይ «አባትየው ሲሞት» የሚለውን ግን ማንም ሳያነብልኝ አወቅኩት።

ጠበቃዋ «ከአጎቱ ጋር መኖርን ከአሁኑ ይልመድ» ስላለች ኖርክሮስ ከተማ ወንድሜ ቤት ለሳምንት ተውኩት።

ልወስደው ስሄድ በሩን የከፈተው ራሱ ነው። ዓይኑ እኔ ላይ አላረፈም፤ ከኋላዬ ያለውን መንገድ ያያል። «እኔ ነኝ፣ አባዬ» አልኩት። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ወንድሜን አፋጠጥኩት።

«መስኮት ላይ ቆሞ አንተን እየጠበቀ አልበላም አለኛ። በእናቱ ጊዜ እንደተደረገው አደረግኩ፤ ንጋት ላይ ቀስቅሼ፣ ነጠላ አዘቅዝቄ ነገርኩት። ወዲያው በላ።»

«ገድለህ አበላኸው በለኛ።»

«ወንድም ጋሼ፣ አንድ ቀን መስማቱ ይቀራል? ይልመደው ብዬ እኮ ነው።»

የወንድሜ ልጅ በመኪናዋ ክላርክስተን ቤታችን አደረሰችን። ልጄ ጫማዬን በከረጢት ቋጥሮ ቁም ሳጥን ውስጥ ከእናቱ ጫማ አጠገብ አኖረው። ስናገር ተነስቶ መስኮት ይዘጋል፣ ነፋስ የገባ ይመስል። ሲላጭ ከኋላው ቆምኩ፤ መስታወቱ ውስጥ እኔ ሁለት ሰው አያለሁ፣ እሱ አንድ። ሥራ ቦታ አንድ ሹፌር ሳያየኝ ሲያልፍ የገዛ እጄን ዳሰስኩ።

የወንድሜ ልጅ ናት መላ የመጣላት። «አጎቴ፣ ላይክ፣ ሞትህን በመርዶ ካመነ፣ መኖርህንም እንደዛው ይንገሩት።»

«ማን ይነግረዋል?»

«አባቴ ነዋ። ያበላሸውን ፊክስ ያድርግ።»

ወንድሜ ከሁለት የቸርች ሽማግሌዎች ጋር ንጋት ላይ መጣ። ነጠላቸውን አቅንተው ተደርድረው ተቀመጡ። «አባትህ አልሞተም» አለ ወንድሜ።

ልጄ ሦስቱንም አያቸው። ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ፤ ፊቴን በመዳፉ ነካው። ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ጫማዬን እግሬ ሥር አስቀመጠ። ተመልሶ የእናቱን ጫማ አወጣ፤ በሩ ሥር አኖረውና በሩን ከፍቶ ይጠብቅ ጀመር።

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። በሩን እኔም ልዘጋው አልደፈርኩም።

ወንድሜን ከትረስቱ አስወጥቼ ሴት ልጁን አስገባኋት። «ሬሳዬን ሳታዪ እንዳትነግሪው» አልኳት። «ኦኬ አጎቴ» አለች፣ ሳትስቅ።

የእናቱ ጫማ ዛሬም በሩ ሥር ነው። አዲሱን ትረስት የፈረምነው ማክሰኞ፣ ሰኔ ሦስት ቀን ነው።