ለማንም የማይካፈለው አንድ ሚሊዮን ሦስት

ሂሳኤ ኩዋባራ በኢቺኖሴኪ ከተማ አርባ ዓመት ሙሉ ልጆችን በባለ ዶቃ የእንጨት ማስሊያ ሒሳብ ስታስተምር የኖረች ሴት ናት። ባለፈው የበረዶ ወራት ባሏ ሴይጂ ለልብ ቀዶ ጥገና ሆስፒታል ሲተኛ ተሳለች። ድኖ ከወጣልኝ፣ አንድ ሚሊዮን ሦስት ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም ቁጥር እንደማይካፈል በእጄ አረጋግጬ፣ ሰሌዳ ላይ አስጽፌ ቤተ መቅደሱ ውስጥ እሰቅላለሁ አለች። በዚያ አገር ሒሳብ የሚወድ ሰው ምስጋናው እንዲህ ነው። ሌላው ገንዘብ ይሳላል፣ እሷ ማካፈል ተሳለች።

ከሺህ በታች ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች፣ እንደዚሁ ከአንድና ከራሳቸው በቀር የማይካፈሉትን፣ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ በቃሏ ጻፈች፤ በእነሱ ካልተካፈለ በሌላም አይካፈልም። ከዚያ አንድ በአንድ ሞከረቻቸው። ሴይጂ ዳነ። ሰሌዳውም ተጽፎ አልቆ፣ ዛሬ ከምሳ በኋላ ሊሰቀል ነው።

ጠዋት ጡረተኛው የመሬት ቀያሽ ኦትሱኪ ሰሌዳውን ሊያይ መጣ። የሰው ስህተት ካላገኘ ሻይ የማይወርድለት ሽማግሌ ነው።

"መምህርት፣ በስንት ቁጥር ሞከሩት?"

"በመቶ ስልሳ ሦስት።"

"ከሺህ በታች ያሉት እኮ መቶ ስልሳ ስምንት ናቸው። አምስቱን ለእኔ ተዉልኝ እንዴ?"

ሂሳኤ ክው አለች። የት እንደጣለቻቸው ወዲያው ገባት። በአገሩ ቋንቋ የአራት ስም ከሞት፣ የዘጠኝ ከስቃይ ጋር ስለሚመሳሰል፣ ሁለቱ ተከታትለው የተጻፉበት ቁጥር የሞትና የስቃይ ነው ይባላል፤ በሽተኛ አጠገብ ማንም አይጽፈውም። እሷም ቤት ገብቼ እሞላቸዋለሁ ብላ ዘለለቻቸው፣ ከዚያ በደስታዋ ረሳቻቸው።

አሁን በአንዱ ቢካፈልስ? ሰሌዳው ውሸት፣ ስለቱም ውሸት ሊሆን ነው። የባሏ ጤና ተመልሶ የሚወሰድ መሰላት፤ ይህን ያህል መማሯም ከፍርሃቱ አላዳናት።

ማስሊያዋን ስባ ተቀመጠች። ለመቶ አርባ ዘጠኝ ሲካፈል ስልሳ አራት ቀረ። ለሦስት መቶ አርባ ዘጠኝ፣ መቶ አሥራ ስምንት ቀረ። አራት መቶ አርባ ዘጠኝም፣ አራት መቶ ዘጠና አንድም አልቻሉትም። የመጨረሻው አራት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ነበር። ቀሪው እያነሰ እያነሰ ሄደ። ሰባት ላይ ቆመ።

ኦትሱኪ በራሱ እጅ ደገመውና "ሰባት" አለ፤ ትንሽ ቅር ያለው ይመስላል።

ሂሳኤ እፎይ ብላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። ሴይጂ የኑድል ሳህኑን እንደያዘ ከጓዳ ብቅ አለ።

"ምን ያስለቅስሻል? አልተካፈለም እኮ።"

"ቢካፈል የምትሞትብኝ መስሎኝ ነዋ።"

"አይ አንቺ። እኔ እኮ ሆስፒታል ፍርሃቴን የተውኩት አንቺን አይቼ ነው። ይቺ ሴትዮ ተረጋግታ ሒሳቧን የምትሠራው ሐኪሙ ደህና ነገር ቢነግራት ነው አልኩ።"

"ሐኪሙማ መትረፉን እንጃ ነው ያለኝ። ሒሳቡን የያዝኩት እጄ ሲንቀጠቀጥ እንዳታይብኝ ነው።"

ሴይጂ ሳህኑን አስቀመጠና፣ ሰሌዳውን በአንድ በኩል ያዘላት።