የዛሬ ያልሆነ መርፌ

ሌላ አገር ወላጅ ልጄን አላስከትብም የሚለው «መካን ያደርጋታል» ብሎ ነው አሉ። እኛ ሰፈር ይህን ያነሳ ሰው አልነበረም። የኛው ሰፈር፣ የጅቡቲው ካርቲየ 7 ቢስ፣ ክትባቱን እምቢ ያለው ትኩስ አይደለም ብሎ ነው።

እኔ ነጠላ ጫማ ቸርቻሪ ነኝ። ደንበኞቼ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የሰፈሩ ሰው ነው፤ ገዝቶ ሲበጠስበት ተመልሶ ይጣላኛል። ሁለተኛው ከኢትዮጵያ በእግሩ መጥቶ ወደ የመን የሚሻገረው ልጅ ነው፤ እሱ አይመለስም፣ ጫማው ይበጠስ አይበጠስ አላውቅም። ለሱ ጠንካራውን እመርጥለታለሁ። ደግነት እንዳይመስላችሁ፤ ተመልሶ የማይጣላኝን ሰው ስለምፈራ ነው።

ያን ሰሞን ባለቤቴ ድሬዳዋ ነበረች። እህቷ በማኅፀን በር ካንሰር ከሞተች ወዲህ የሟቿን ልጆች ለማየት ትመላለሳለች። እህትየው ጨርቅ ነጋዴ ነበረች፤ ደም እየፈሰሳት ወራት ደብቃ፣ ሐኪም ቤት የሄደችው መቆም ሲያቅታት ነው። እንግዲህ ልጃችን አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቷ የዚሁ በሽታ መከላከያ ክትባት በእሷ ዕድሜ ላሉ ልጃገረዶች ሊሰጥ እንደሆነ፣ ወላጅም ራሱ መጥቶ መፍቀድ እንዳለበት በስልክ ስነግራት የባለቤቴ መልስ አጭር ነበር።

«ሳታስወጋት ከተመለስክ ሱቅህ ውስጥ እደር።»

«ምን ያስቸግራል?» አልኩ። መርፌ ነው፤ በነፃ ነው፤ ዋጋ ክርክር የለበትም። ክርክር የሚመጣው ከዋጋ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

በቀጠሮው ጠዋት ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። የትምህርት ቤቱ ግቢ ጥላ ያለው በአንድ ጎኑ ብቻ ስለሆነ ወላጅ ሁሉ እዚያ ታጭቋል። አብዛኞቹ እናቶች ናቸው። ከኔ ሌላ የነበረው አባት አንድ የወደብ ሠራተኛ ነው፤ እሱም ሌሊት ሲያራግፍ አድሮ ቆሞ ያንቀላፋል። ልጃገረዶቹ በረንዳው ላይ ተደርድረው፣ ዛሬ የማን ወላጅ እንደሚያሳፍር ለማየት ይጠባበቃሉ።

ነርሷ ወጣት ናት። ከፊቷ ሰማያዊ የበረዶ ሳጥን ተቀምጧል። በፈረንሳይኛ ጀመረች፤ ፊታችንን አየችና ወደ ሶማልኛ ተሻገረች። እኛ ዘንድ ፈረንሳይኛ ለቢሮ፣ ሶማልኛ ለገበያ፣ አማርኛ ለሐሜት ነው። ስለዚህ ሁሉም ሰማት፤ ወዲያው ሐሜቱም ተጀመረ።

በእውነት በደንብ ነው ያስረዳችን። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ እንደሆነ፣ ክትባቱን በዚህ ዕድሜ መውሰድ ለምን እንደሚሻል፣ ክንድ ላይ ትንሽ ሕመም ሊኖር እንደሚችል ነገረችን። ከዚያ «ጥያቄ ካለ» አለች።

ጫት ሻጯ እጇን አነሳች።

ይህችን ሴት ላስተዋውቃችሁ። ከመስጊዱ ማዶ ጠረጴዛ አላት። ጫት በየቀኑ ከኢትዮጵያ ሲገባ ከተማው ሥራውን ጥሎ ይነሳል፤ የኛ ሰፈር ደግሞ ወደ እሷ ነው የሚነሳው። እርጥቡን ጆንያ ገልጣ አንድ ቅጠል በጣቷ አሸት ስታደርገው የዛሬውንና የትናንቱን ትለያለች። «የትናንት ነው» ካለች አለቀ፤ የፍየል ቀለብ ነው።

«ልጄ፣» አለቻት ነርሷን፣ «ይሄ መድኃኒት መቼ ገባ?»

«ወደ ጅቡቲ? ሁለት ወር ይሆነዋል።»

ነርሷ እውነቱን ነው የተናገረችው። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ እውነት በየትኛው ሰዓት እንደሚነገር አውቃለሁ። ያ ሰዓቱ አልነበረም።

«ሁለት ወር!» አለች ጫት ሻጯ ወደኛ ዞራ። «ሰማችሁ? የሁለት ወር!»

«ፍሪጅ ውስጥ እኮ ነው የቆየው፣» አለች ነርሷ።

«ፍሪጅ የሚገባው ያልተሸጠው ነው!» አለች አንዲት እናት ከኋላ።

«ለኛ ሰፈር ሲሆን መቼም ትራፊ ነው፣» አለች ጎኗ ያለችው። «ትኩሱን እነማን እንደተወጉት አላህ ይወቀው።»

«እናቶቼ፣ ቅጠል እኮ አይደለም…»

«ቅጠል ነው ማን አለሽ? ትኩስ ነው ወይ ነው ያልነው።»

ነርሷ አንዲት ብልቃጥ አውጥታ ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን አሳየች። ገና ብዙ ነበረው። ጫት ሻጯ ብልቃጧን ወደ ብርሃን አንስታ አየቻት፤ ከዚያ እንደታሸገች አሸተተቻት። «አይሸትም» አለች። ይህ ጥሩ ይሁን መጥፎ ያወቀ የለም፤ ግን ሁሉም ራሱን ነቀነቀ።

እኔም ገባሁበት። «ቤታችን ያለው የቲማቲም ድልህ የዛሬ ነው? የጣሳው ቱናስ?»

«እሱን በክንዳችን አንበላውም!»

«አንተ ጫማ ነው የምትሸጠው፣» አለችኝ ጫት ሻጯ። «ጫማ አይጠወልግም። ዝም በል።»

የወደብ ሠራተኛው በዚህ መሃል ነቃና፣ «ሁለት ወር ኮንቴይነር ውስጥ ከቆየማ በስሏል» ብሎ ተመልሶ አንቀላፋ። እሱ ነገሩን ጨረሰው። ሴቶቹ ልብሳቸውን እያራገፉ መነሳት ጀመሩ። ዳይሬክተሯ መጥታ፣ ወላጆች ካልተስማሙ ቡድኑ ሳጥኑን ዘግቶ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት እንደሚሄድ ነገረችን። «ለአንድ ወላጅ ብዬ አላቆያቸውም» አለችኝ ለብቻዬ።

መጀመሪያ የታየኝ የሱቄ ወለል ነው። ቀጥሎ ልጄን አየኋት። በረንዳው ላይ ቆማ እጅጌዋን ቀድማ ጠቅልላለች። አክስቷ ስትታመም ክረምቱን ድሬዳዋ አብራት የከረመችው እሷ ነበረች። ስለዚያ ክረምት አንድ ቃል ነግራን አታውቅም።

«እሺ፣» አለች ጫት ሻጯ፣ ዳኛ እንደሆነች ሁሉ። «ሳይቀምሱ መግዛት የለም። አንድ ሰው ይቅመስና እንየው።»

«ባለ ጫማው ይቅመስ! ብዙ ያወራ የለ!»

«ውጊኝ» አልኳት ነርሷን፣ የሸሚዜን እጅጌ እየሰበሰብኩ።

«አባባ፣ ለእርስዎ አይደለም። የተመደበው ለልጃገረዶቹ ነው።»

«ትንሽ ብቻ፣ ለናሙና።»

«ናሙና የለም!» አለች፤ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም።

«እኔ ልቅመስላቸው፣» አለ ከበረንዳው አንድ ድምፅ። የልጄ ነበር።

ነርሷ ወደኔ ዞረች፤ ፈቃዱ የኔ ነዋ። ያን ሁሉ ስከራከር የነበርኩት ሰውዬ የፈቃድ ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመርኩ። ስለ ሌላ ሰው ልጆች ክንድ መናገር ቀላል ነው። የራሴዋ ክንድ ሲመጣ ግን ያ «ሁለት ወር» የሚሉት ነገር ለካ እኔም ውስጥ ገብቷል። ወደ ነርሷ ጠጋ ብዬ፣ «መብራት ሲጠፋስ?» አልኳት።

«ጄኔሬተር አለ። ቅዝቃዜው በየቀኑ ይታያል፣» አለች፣ ሌላ ዙር እንዳይነሳ በሹክሹክታ።

«አባ፣» አለች ልጄ፣ «ፈርም።»

ፈረምኩ። ተወጋች። ዓይኗን እንኳ አልጨፈነችም። ነርሷ ለጥቂት ጊዜ ወንበር ላይ እንድትቆይ ነገረቻት፤ ይኼኔ የሰፈሩ ወላጅ ሁሉ ከበባት።

«ጀመራት?»

«ገና ነው። ትንሽ ይቆያል።»

«ዓይኗን እዩት፣ ፈጠጠ!»

«ድሮም እንደዚያ ነው፣» አልኩ።

«ሻይ ስጧት፣ ስኳር የበዛበት።»

«ምንም አይጀምራትም!» አለች ነርሷ።

«ምንም ካልጀመራት ምን ይሠራል?» አለች ጫት ሻጯ።

ልጄ ጸጥተኛ ናት። ያ ሁሉ ዓይን ሲያፈጥባት ግን ተናደደች መሰለኝ፣ መናገር ጀመረች። «አክስቴ ሽታው ለሰው እንዳይሰማ ሽቶ ትረጫለች። አንሶላውን የማጥበው እኔ ነበርኩ፣ ከጎረቤት ተደብቄ። ለማንም እንዳትነግሪ ትለኛለች። ማታ ሲያማት ትራሱን ትነክሳለች። እናንተ ትኩስ ነው፣ አይደለም ትላላችሁ። እሷ ዘንድ ምንም አልደረሰም። ትኩሱም፣ የቆየውም።» አላቆመችም። የአክስቷ ትንሿ ልጅ እናቷ ገበያ የሄደች መስሏት በር ላይ ቁጭ ትል እንደነበር ሁሉ ተናገረች። እኔ ይህን አላውቅም ነበር።

«ያዛት፣» አለች አንዷ ቀስ ብላ። «እንዴት አድርጎ ያዛት!»

የሳቀ የለም። ጫት ሻጯ ልጄን አየቻት። ከዚያ «ስንት ብልቃጥ ነው ያለው?» ብላ ነርሷን ጠየቀች፤ መልሱን ሳትጠብቅ የራሷን ልጅ ከበረንዳው ጎትታ ጠረጴዛው ፊት አቆመቻት። ከዚያ በኋላ መገፋፋት ሆነ። «ሳያልቅ! ሳያልቅ!» የወደብ ሠራተኛው ሳይቀር ነቅቶ ልጁን ፍለጋ ሮጠ፤ ልጁ ወንድ እንደሆነ ትዝ ያለው በረንዳው ላይ ከደረሰ በኋላ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ የተወጋውን ክንዷን ይዛ ትራመዳለች። ቦርሳዋን ተቀበልኳት።

«ያማል?»

«ትንሽ።»

«ለኛስ ለምን አልነገርሽንም?»

«አትንገሪ ብላኝ ነበራ።»

ያን ቀን ሱቄን አልከፈትኩም። ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ደወለች።

«ተወጋች?»

«ተወጋች።»

«ምን አለች?»

ስልኩን ለልጄ ሰጠኋትና ወጥቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ብዙ አወሩ።