የምድጃው ወገን

ሉዌላ ቲልተን ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። አባቷን ስታስታምም ዕድሜዋ ሄደና ሳታገባ፣ ሳትወልድ ቀረች። በእጇ የቀረው የአሮጌው ቤተ ክርስቲያን ቁልፍ ብቻ ነው። ኮረብታው ላይ ያለው ይህ የእንጨት ቤት የአሜሪካዋ ኒው ሃምፕሸር የእንግሊዝ ንጉሥ ግዛት ሳለች የተሠራ ነው። እሁድ እሁድ ጥቂት ሰዎች ተራርቀው ይጸልዩበታል፤ በዓመት አንዴ፣ መጋቢት ሲጠባ ደግሞ መንደርተኛው ተሰብስቦ ስለ መንገዱና ስለ ድልድዩ ይጨቃጨቅበታል።

መቀመጫዎቹ እንደ ሣጥን በሳንቃ የታጠሩ ናቸው። ስድስት ሰው ገብቶ በሩ ሲዘጋ ጉልበት ከጉልበት፣ ትከሻ ከትከሻ ይነካካል። ሌላው በዚህ ያማርራል፤ ሉዌላ ግን ዓመቱን ሙሉ የምትጠብቀው ይህንኑ ነበር። በዚያች ቀን ጎረቤቷ ሃቲ ከጎኗ ጥብቅ ብላ ትቀመጣለች፤ አንድ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጣል ያደርጋሉ። ከዚያ ወዲያ እስከ ከርሞ የሰው ገላ አይነካትም። እውነቱ ይኸው ነው፤ የጠየቃት ግን አልነበረም።

አንድ ዓመት ስብሰባው ወደ አዲሱ የትምህርት ቤት አዳራሽ ይዛወር የሚል ሐሳብ መጣ። የሃቲ ባል ኦርቪል እግሩ ከተቆረጠ ወዲህ በረዶ የጋገረበትን የድንጋይ ደረጃ መውጣት አቅቶታል። ሁለት ዓመት በየስብሰባው ውጭ መኪናው ውስጥ ቁጭ ሲል፣ ሃቲ እየተመላለሰች የተባለውን ትነግረው ነበር።

ሰብሳቢው እንደ ልማዱ ሰዉን ለሁለት ከፈለው፤ ይዛወር የሚሉት በመስኮቱ በኩል፣ እዚሁ ይሁን የሚሉት ቤቱን በሚያሞቀው የእንጨት ምድጃ በኩል። ሲቆጠር በመስኮቱ በኩል ሠላሳ ስምንት፣ በምድጃው በኩል ሠላሳ ዘጠኝ ሆነ።

ሉዌላ እንጨት ልትጨምር ምድጃው ዘንድ ጎንበስ ብላ ነበር፤ ከእነሱ ጋር ቆጥረዋታል። ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃል። ቀና ስትል በመስኮቱ የኦርቪል መኪና ታያት። መስተዋቱን ዝቅ አድርጎ፣ በዚያ ብርድ፣ ጆሮውን ሰጥቷል።

«እኔ እኮ እሳት ልቆሰቁስ ነው የመጣሁት። ወገኔ ወዲያ ነው» አለች።

«የዚህን ቤት ቁልፍ ይዘሽ? ምን ነካሽ ሉዌላ?» አላት ሰብሳቢው።

«እንደገና ቁጠር» አለችውና ተሻገረች።

በዓመቱ ኦርቪል በምርኩዝ አዳራሹ ገባ። የሁለት ዓመት ዝምታውን ሊያካክስ ስለ ድልድዩ ግማሽ ሰዓት ለፈለፈ፤ ሰዉ በሳቅ ሞተ። ሃቲ ከባሏ ጎን ተቀመጠች፤ ደግ አደረገች። ሉዌላ ብርድ ልብሷን አጠገቧ ባለው የብረት ወንበር ላይ አኑራ ቦታ ያዘች።

«ሰው አለው?» ሲል አንዱ ጠየቃት።

«የለውም» ብላ ብርድ ልብሱን ቶሎ አነሳችለት።

ሰውየው አመስግኖ ወንበሩን ብድግ አደረገና ወደ ጓደኞቹ ይዞት ሄደ።