ጨረቃን ያየ ልጅ

የእንግሊዝኛ መምህራችን ለክርክር የሰጡን ርዕስ «ልጆች በገና አባት እንዲያምኑ ማድረግ ውሸት ማስተማር ነው ወይስ አይደለም?» የሚል ነበር። ክፍሉ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ከሚሴ ውስጥ ቀይ ለብሶ፣ ነጭ ጺሙን አንዠርግጎ፣ ሌሊት በጣራ የሚገባ ሽማግሌ ማን አይቶ ያውቃል? ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «በእኛ ቆርቆሮ ላይ ቢራመድ አባቴ በድንጋይ ነው የሚያወርደው» አለ። እኔ «ውሸት አይደለም» የሚለው ወገን ደረሰኝ። ስለ ልጅነት፣ ስለ ደስታ እያልኩ ስጽፍ አመሸሁ። መምህሩ ለክፍሉ አነበቡልኝ፣ ተጨበጨበልኝ፣ ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ ከእጄ አልጠፋም። በጣም ደስ ይላል፣ ወላሂ። ግን እዚያ ጽሑፍ ውስጥ ያላስገባሁት አንድ ምሽት አለ፤ ካስገባሁት ክርክሩን እንደምሸነፍ ስለማውቅ ነው የተውኩት። አሁን ልጻፈው።

እኛ ቤት የገና አባት አልነበረም። ጨረቃ ነበረች።

እማ እንዲህ ነበር የምትለን። ረመዳን ሃያ ዘጠኝ ሲሞላ፣ ማታ ላይ አዲሷን ጨረቃ ላየ ልጅ፣ ጨረቃ ራሷ የኢድ ልብሱን ታመጣለታለች። ማንም ሳያያት ገብታ ከትራሱ ሥር አስቀምጣ ትሄዳለች። «ላላየስ?» ስንላት ከንፈሯን ትመጥ ነበር እንጂ አትመልስም። ያ ይበቃን ነበር። እኛ ግቢ ጨረቃ ሳያይ የቀረ ልጅ ኖሮ አያውቅም። ደመና ቢሆንም አየን። ፀሐይ ሳትገባም አየን። አንድ ዓመት የአክስቴ ልጅ ጨረቃዋን አዲስ ጨረቃ በማትታይበት በስተምሥራቅ በኩል አይቷት መጣ። የት አየሃት ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ትልልቆቹ ተሳስቀው ያልፋሉ፣ ጠዋት ልብሱ ከትራስ ሥር አለ። «አየሁ» የምትለው ቃል ቁልፍ ነበረች። ከተናገሯት በሩ ይከፈታል።

ችግሩ ጨረቃ በእኛ ዘንድ የልጆች ብቻ አለመሆኗ ነው። እሷ ከታየች በማግስቱ ኢድ ነው፤ ካልታየች ሠላሳ ይሞላል፣ አንድ ቀን ይጾማል። ዛሬ ዛሬ ወሬው በቴሌቪዥንና በስልክ ስለሚመጣ ወደ ሰማይ የሚያንጋጥጥ ሰው ጥቂት ነው። ድሮ ግን ሰው ነበር የሚመሰክረው። አባባ፣ የአባቴ አባት፣ ከእነዚያ ሰዎች አንዱ ነበሩ። እሳቸው አየሁ ካሉ እስከ ጨፋ ሮቢት ድረስ «ማን አያት?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም ይባላል። ቴሌቪዥን ከመጣም በኋላ በየዓመቱ ኮረብታ መውጣታቸውን አልተዉም።

ዓይናቸው እንደ ደከመ ግን እኔ አውቅ ነበር። ሰው ሲመጣ ቀድመው ሰላም አይሉም፤ ድምፁን ይጠብቃሉ። አንድ ቀን ስልኬን አስይዣቸው ገልብጠው ያዙት። ለማንም አልተናገሩም። እኔም አልተናገርኩም፤ አባባን «አያዩም» ብሎ ፊታቸው ላይ የሚናገር ሰው በሰፈራችን የለም።

ያ ምሽት በሆነበት ዓመት ረመዳን ሊያልቅ ሲል ኔትወርክ ጠፋ። ከዚያ መብራት ሄደ። ምክንያቱን የሚያውቅ አልነበረም፤ የሚያወራው ግን ብዙ ነበር። ሱቆች ፀሐይ ሳትገባ መዘጋት ጀመሩ። ቀንም ማታም መኪና ሲንጋጋበት የምናውቀው አስፋልት ጭር አለ፤ ሹፌር የሆነው አባቴም ጅቡቲ መንገድ ላይ እንደወጣ ድምፁ አልተሰማም። ሰው በመንገድ ሲገናኝ ሰላምታውን ያሳጥር ነበር። ሃያ ዘጠነኛው ቀን በዚህ መሀል ደረሰ። ኢድ ነገ ይሁን ከነገ ወዲያ የሚነግረን ቴሌቪዥንም ስልክም የለም። በእኔ ዕድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተማው በሰው ዓይን ላይ ቀረ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የመስጂዳችን ሼህ ራሳቸው ቤታችን ድረስ መጥተው አባባን «ዛሬ አንቱን ነው የምንጠብቀው» አሏቸው። አባባ ቀና ብለው ተቀመጡ። 

በስተምሥራቅ ወዳለው ኮረብታ ወጣን። ፀሐይ የምትገባው ከምዕራቡ ተራራ ጀርባ ስለሆነ ከታች ከከተማው ሆኖ ቀጭን ጨረቃ ማየት አይቻልም። አባባ፣ እኔ፣ በዚያ ዓመት ትምህርት የጀመረችው ትንሿ እህቴ፣ እና ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነበርን። ልብስ ሰፊው ገና ሲያገኘን «አካም ጅርቱ አባባ» ብሎ ጎንበስ አለ፤ እሳቸውም ድምፁን ሲለዩ «ገለታ ረቢ፣ አምላክ ይመስገን» አሉት። ከዚያ ወደ እህቴ ዞሮ ጨረቃን በደንብ እንደሚያውቃት፣ ደንበኛው እንደሆነች፣ ልክ ሳትወስድ ጨርቅ እየጣለችበት እንዳስቸገረችው አወራላት። እህቴ አፏን ከፍታ ነበር የምትሰማው። እኔ ሳቄን ዋጥኩ። እህቴ ለኢድ የተመኘችውን ቀይ ቀሚስ የሰፋው እሱ ነው፤ እማ ጠዋት ተቀብላው ሣጥን ውስጥ ደብቃዋለች።

ፀሐይ ገብታ መግሪብ ደረሰ። በተምርና በውሃ አፈጠርን። ደመናው ተራራው ላይ ተጋድሟል፤ ጥቁርና ከባድ ነበር። በደመናው ሥር ጠባብ ቀይ ክፍት ቦታ ነበረች፣ እሷም እየጠበበች ሄደች። ከታች ከተማው ጨልሟል። ከሁሉም በላይ ዝምታው ነው ያስፈራኝ፤ ያን ያህል ሰው የሚኖርበት ከተማ እንደዚያ ዝም ማለት የለበትም። ነፋስ ተነሳ፣ አቧራ መጣ። እህቴ ፊቷን ነጠላዬ ውስጥ ቀበረች። ሻሿ አገጬ ሥር ነበር፣ ትንፋሿ ደረቴን ያሞቀው ነበር፤ ወደ ሰማይ ቀና ብላ እንዳላየች እኔ አውቃለሁ።

ነፋሱ ሲተው ፊቷን አወጣችና «አርጌራ» አለች። «አየኋት፣ ያቻትና።»

ልብስ ሰፊው ሳቀ። በየዓመቱ እንደሚሳቀው ነው የሳቀው። እህቴ ወደ እኔ ተጠግታ በሹክሹክታ «አሁን ቀዩን ታመጣልኛለች አይደል?» አለችኝ።

አባባ ግን አልሳቁም። «የት?» አሏት። ጣቷን ወደ ደመናው ዘረጋች። እጇን ተከትለው ብዙ ጊዜ ቆሙ። ጺማቸው በነፋስ ይንቀጠቀጥ ነበር። ምን እንደሚሉ የማውቅ መሰለኝ፣ እንዳይሉት ለመንኩ፣ በልቤ።

«አይቻታለሁ» አሉ።

የልብስ ሰፊው ሳቅ ጥርሱ ላይ እንዳለ ቀረ። የልጅ ምስክርነት እንደማይያዝ፣ የአባባ ግን እንደሚያዝ፣ ለኢድ ደግሞ ሁለት ሰው እንደሚያስፈልግ ሦስታችንም እናውቃለን። አባባ ወደ እሱ ዞሩ፤ ወደ እሱ ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎኑ። «አንተስ?»

ልብስ ሰፊው ወደ ደመናው አየ። ከዚያ «አንቱ ካዩማ፣ አባባ... እኔም እንደ ጭላንጭል ያለች ነገር» አለ።

«እንግዲህ ሁለት ሆነናል» አሉ አባባ። «ይቺ ልጅ በእኔ ቤት ውሸት አልተማረችም።»

 እሳቸው አላዩም፤ ያመኑት እሷን ነው። ልብስ ሰፊውም አላየም፤ ያፈረው እሳቸውን ነው። እህቴም አላየችም። ማንም ያላያት ጨረቃ ከኮረብታው እየወረደች ወደ መስጂድ ልትሄድ ነው፣ ነገ ደግሞ ከተማው በሙሉ በእሷ ቃል ጾሙን ሊፈታ። ለሼሁ ብናገር አባባን በሕዝብ ፊት ውሸታም ማለቴ ነው። ዝም ብል ደግሞ እውነቱ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም፤ ያኔ የእሳቸው ቃል ዳግመኛ አይነሳም።

ቀድሜያቸው ወርጄ ወደ ቤት ሮጥኩ።

እማ በሻማ ብርሃን ቀሚሱን እያጠፈች ነበር። ያየሁትን በሙሉ ነገርኳት። መጀመሪያ ፈገግ ብላ ነበር፤ «አየሁ አለች?» አለች፣ እንደ ሁልጊዜው። አባባም አየሁ ማለታቸውን ስነግራት እጇ ቀሚሱ ላይ ቆመ።

«ለማን ነው ያሉት?»

«ወደ ሼሁ እየሄዱ ነው።»

እማ ለአባባ ምራት ናት። አማቷ ባሉበት ድምፅ አውጥታ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም፤ ምግብ እንኳ ስታቀርብላቸው ዓይኗ መሬት ላይ ነው። ሻሿን አስተካክላ ወጣች። መንገዱን በሙሉ እርምጃዋ ሲፈጥን ሲፈጥን ይሰማኝ ነበር።

መስጂዱ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። የስልክ ባትሪ የቀራቸው ሰዎች መብራታቸውን አብርተዋል። አባባ መሀል ቆመዋል፣ እህቴ እጃቸውን ይዛለች፣ ሼሁ ደግሞ «ሁለታችሁም በዓይናችሁ?» ብለው ወደ ልብስ ሰፊው እየዞሩ ነበር። ከኋላ ያሉት ኢድ ሙባረክ መባባል ጀምረዋል።

«ሼህ» አለች እማ ከበሩ። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር የወጣው። «የልጅቱን ነገር አትያዙብን። ጨረቃ ያየ ልጅ ልብስ ታመጣለታለች ብዬ የነገርኳት እኔ ነኝ። አይታ አይደለም፣ ለቀሚሱ ነው።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ሼሁ ተቆጥተው እንደሆነ ፊታቸው አያስታውቅም፤ «ለሕፃን ነው የዋሸሽው?» ብቻ አሏት። እማ እህቴ ፊት ተንበረከከችና ጨረቃ ልብስ እንደማታመጣ፣ ከትራስ ሥር የምታስቀምጠው ራሷ እንደሆነች፣ ቀሚሱም ቤት ሣጥን ውስጥ እንዳለ ነገረቻት።

እህቴ አላለቀሰችም። እማን አየቻትና ራሷን ነቀነቀች። «አይደለም» አለች። «አባባም አይተዋታል።»

 መብራቶቹ አንድ በአንድ ወደ አባባ ዞሩ። ብርሃኑ በቀጥታ ዓይናቸው ላይ አረፈ፣ እሳቸው ግን አልጨፈኑም። ያን ጊዜ እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ አወቀ ብዬ አስባለሁ።

«አላየሁም ልጄ» አሉ። «አንቺ ያየሽ መስሎኝ ነው። ዓይኔ ማየት ከተወ ቆይቷል።»

ልብስ ሰፊው ማንም ሳይጠይቀው «እኔም አላየሁም» አለ፣ ወደ ጫማው እያየ። ሼሁ ሠላሳ እንደሚሞላ፣ ነገ እንደሚጾም ተናገሩ፤ ሰው ድምፁን ቀንሶ መበታተን ጀመረ። ገና ሳንሄድ ከኮምቦልቻ የገባ ሚኒባስ ቆመና ሹፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ እዚያም ጨረቃ አልታየችም፣ ነገ ጾም ነው አለ። ውሳኔው ልክ ስለሆነ የምሥራች ነበር። ደስ ያለው ሰው ግን አላየሁም። ከዚያ ምሽት በኋላ አባባን «አንቱን ነው የምንጠብቀው» ብሎ የመጣ የለም። ሰላም ይሏቸዋል፣ ወንበር ይለቁላቸዋል፤ የሚጠይቋቸው ነገር ግን የላቸውም።

ወደ ቤት ስንመለስ እማ ከፊት ነበረች። ቀኝ ትከሻ ላይ ሆኖ መልካም ሥራን የሚጽፍ፣ ግራ ትከሻ ላይ ሆኖ ክፉውን የሚጽፍ መልአክ እንዳለ ሁላችንንም ያስተማረችን እሷ ናት። እህቴ በጨለማው ውስጥ ድንገት ጠየቀች።

«እማ፣ ትከሻዬ ላይ ያሉትስ?»

«እነሱ እውነት ናቸው።»

«የጨረቃዋንም እንደዚህ ብለሽ ነበር የነገርሽኝ።»

እማ እርምጃዋ ተሰናከለ፣ ከዚያ ቀጠለች።  አባባ መልስ እንዲሰጡ ጠበቅኩ፤ በእኛ ቤት እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚዘጉት እሳቸው ነበሩ። እሳቸው ግን የእህቴን እጅ ይዘው መራመዳቸውን ቀጠሉ።

ግቢያችን አጠገብ መንገዱ ድንጋያማ ነው። እህቴ የአባባን እጅ እንደያዘች ነበር። «እዚህ ጋ ድንጋይ የለም አባባ፣ ይርገጡ» አለቻቸው።

አባባ ቆሙ። ከዚራቸውን ወደ ፊት ዘርግተው መሬቱን ነካ ነካ አደረጉ። እውነቷን ነበር፤ ድንጋይ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ነው እግራቸውን ያነሱት፣ እህቴም ከዚራው መሬቱን ሲነካካ ቆማ ታይ ነበር።