ታራራ የምትባለው ሴት

ልጄ ማህሌት ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ታጠናለች። ባለፈው ኅዳር፣ አንድ እሑድ ከሰዓት ኦስሎ፣ ሊንደሩድ ሰፈር ወዳለው ቤቴ መጥታ ምስር ወጡን በቁሟ ቀማመሰችና ኮምፒውተሯን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። የተሰጣት የቤት ሥራ ግራ የሚያጋባ ነበር። የኮሪያ ጦርነት በተኩስ አቁም ባይቆም ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብላ፣ ያልሆነውን እንደሆነ አድርጋ መጻፍ አለባት። በእሷ ታሪክ ጦርነቱ ሌላ አሥር ዓመት ይቀጥላል፤ ጃፓንም ትገባበታለች፤ የወደሙትን ከተሞች በካርታ ላይ በቀይ ነጥብ አሳየችኝ።

"ማሚ፣ ስንት ሰው እንደሚሞት መገመት ቀላል ነው" አለችኝ። "ያስቸገረኝ ሞለት ነው።" በኖርዌይኛ ግቡ ማለቷ ነው። "ያን ሁሉ ዓመት ምን ፈልገው እንደተዋጉ መጻፍ አለብኝ። ምንም ብጽፍ አስተማሪዬ አያምነኝም።"

"በእውነተኛው ጦርነትስ ምን ነበር ግቡ?" አልኳት።

"ያ፣ እሱም ከዓመት ዓመት ይለያያል" አለችና ሳቀች። እዚህ አገር አዎ የሚባለው ያ ተብሎ ነው።

የተረፈውን ወጥ በዕቃ አድርጌላት ሄደች። እኔ ዕቃ እያጠብኩ ኢንግሪድን አስታወስኩ። ስለ ኢንግሪድ ለማህሌትም ለአባቷም አውርቼ አላውቅም። የደበቅሁት ነገር ስለሆነ አይደለም፤ አንዳንድ ነገር ማን ቢሰማው ምን ይጠቅመዋል እየተባለ ይቀመጥና በዚያው ዓመታት ያልፋሉ።

ኦስሎ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሴንትሩም፣ መሃል ከተማው ላይ፣ ቢሮዎች አጸዳለሁ፤ ከሰዓት ደግሞ ኮሙኑ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ማለት ነው፣ የመየልፕ አድርጎ ቀጥሮኝ ነበር። የመየልፕ ማለት ብቻቸውን በሚኖሩ አረጋውያን ቤት እየዞሩ ወለል መወልወል፣ አንሶላ መቀየር፣ ድንች መቀቀል ነው። ኖርዌይኛዬም የወጥ ቤትና የመታጠቢያ ቤት ኖርዌይኛ ነበር። ስለ ሳሙናና ስለ ድስት ማንም አይረታኝም፤ ከዚያ ያለፈ ወሬ ሲመጣ ግን ፈገግ እላለሁ።

ኢንግሪድ ቫይትቬት የሚባል ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ትንሽ ወረድ ብሎ ባለ ፎቅ፣ ሦስተኛው ደርብ ላይ ነበር የምትኖረው። ወደ ሰባ ትጠጋለች። ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ ዳሌዋን ከተሰበረች ወዲህ በምርኩዝ የምትሄድ፣ ባል ያላገባች፣ ዕድሜዋን በነርስነት የጨረሰች ሴት ነበረች። በኖርዌይኛ አንቺ ነው የምላት፤ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚባለው። መጀመሪያ ላይ እናቴን የምታህል ሴት አንቺ ማለት አፌ እንቢ ይለኝ ነበር። ለምጄ ለምጄ ይኸው አሁንም ስጽፍ አንቺ ሆና ቀረች።

ማክሰኞና አርብ ነበር የእሷ ቀን። ያ ክረምት በረዶው ወርዶ የሚቀልጥበት፣ ቀልጦ መልሶ በረዶ የሚሆንበት ክፉ ክረምት ነበር። ጫማዬ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ደረቅ ሆኖ አያውቅም። ኢንግሪድ በር ላይ ካልሲዬን አስወልቃ የራሷን የሱፍ ካልሲ ትሰጠኝና፣ ሥራ ሳልጀምር የዓሣ ጥብስ በድንች ታበላኛለች። ደንቡ አይፈቅድም፤ እሷ ግን ስለ ደንቡ ምን አገባኝ ነበር የምትለው። አርብ አርብ ልሄድ ስል መስኮቱ ላይ አንዲት ሻማ ትለኩሳለች። እዚህ አገር በጨለማው ወራት ሁሉም መስኮቱ ላይ ስለሚያበራ ነገሬ አላልኩትም ነበር።

ከየት እንደመጣሁ የጠየቀችኝ ወር ከሞላን በኋላ ነው። ኢትዮጵያ ስላት ሹካዋን አስቀመጠች።

ኮሪያ ነበርኩ አለችኝ። ወጣት ነርስ ሳለች፣ ኖርዌይ ከጦር ግንባሩ ብዙም ሳይርቅ በከፈተችው የሜዳ ሆስፒታል ሠርታለች። ከብዙ አገር ቁስለኛ ይመጣላቸው ነበር። አንድ ቀን ከአንድ ተራራ የወረዱ የኢትዮጵያ ወታደሮች መጡ፤ ከመካከላቸው አንዱ ሆዱን የተመታ ልጅ ነበር። ሐኪሞቹ እጃቸው ሞልቶ ስለነበር ቃሬዛው ላይ እንደተኛ ተራ ይጠብቃል። ኢንግሪድ ባለፈች ቁጥር ሽርጧን እየያዘ አንድ ነገር ብቻ ይላታል። ደጋግሞ ያንኑ። ተራው ሳይደርስ ሞተ።

"ያለኝን አልረሳሁትም" አለችኝ። "ያ። ታራራ። ኤማን ሁና። መጀመሪያው እንደ እኛው 'አዎ' ማለት ነው መቼም፤ ታራራ ደግሞ የሴት ስም መሆን አለበት። ሚስቱ ወይም እጮኛው። የመጨረሻውን ግን የሚነግረኝ አጥቼ እስከ ዛሬ አለሁ።"

ሻማው ለታራራ ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ በየሳምንቱ አርብ፣ ኢንግሪድ ታራራ ለምትባል አንዲት ኢትዮጵያዊት ሻማ ታበራ ነበር። ምን ዓይነት ሴት እንደሆነች ሳይቀር ታውቃለች፤ ፀጉሯ ረጅም ነው፤ ከወታደሩ በኋላ ሌላ አላገባችም። እየነገረችኝ ፊቷ እንደ ልጃገረድ በራ።

እኔ ምንም አልገባኝም። አገራችን ብዙ ቋንቋ አለ፣ ምናልባት አማርኛ አይደለም አልኳት። ቅር አላት፤ ግን አልተጫነችኝም።

ከገና በፊት በነበረው አርብ ነው የሆነው። እኔ ወጥ ቤት ድንች እልጣለሁ፤ እሷ ሳሎን መጋረጃ ቀለበት ውስጥ ታስገባለች። ሳታስበው መሰለኝ ያንን ነገር ለራሷ አለችው። በዚህኛው ቀን ነጣጥላ አላለችውም። ልጁ እንዳለው፣ ትንፋሽ እያጠራት፣ በአንድ ላይ አለችው።

ያ ተራራ የማን ሆነ?

ቢላዋውን አስቀመጥኩት። አማርኛ ነበር። ያውም የኛ ሰፈር አማርኛ።

ስለ ወንድሜ እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። ታላቄ ሽመልስ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ዘመተ። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። መርዶውን ያመጣልን አብሮት የሄደ ልጅ ነው፤ አንድ እጁን ትቶ ተመልሶ። እናቴ እንዴት ሞተ ብላ ስትጠይቀው፣ አንድ ተራራ ያዙ ተብለን ስንወጣ ነው አላት። ተራራው ተያዘ? አለችው። ተይዞ ነበር እማማ፣ በሳምንቱ ግን ልቀቁት ተባልንና ወረድን አላት። እናቴ ከዚያ በኋላ አልጠየቀችም። ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ ልጁ የባዶ እጅጌውን ጫፍ በደኅና እጁ ሲያጣጥፍና ሲፈታ አይ ነበር።

እና ድንቹን ትቼ ሳሎን ገባሁ። ብዙ ሰው ቢሆን ሊዋሽ ይችል ነበር። ታራራዬን ሰላም በይልኝ ነው ያለሽ ብላት ምን ነበረበት? ያን ቀን ግን ከንጋት ጀምሮ በእግሬ ቆሜያለሁ፣ ደክሞኛል፣ የወንድሜ ነገር ደግሞ ድንገት መጥቶብኛል።

"ገባኝ" አልኳት። "ታራራ ሰው አይደለችም። በእናንተ ቋንቋ ፊየል ማለት ነው። ተራራ።"

"ፊየል?"

"ያ የሚለው ቃል በእኛ ቋንቋ አዎ አይደለም። ያኛው ማለት ነው። የጠየቀሽ፣ ያ ተራራ በመጨረሻ ማን እጅ ገባ ብሎ ነው።"

የመጋረጃው ቀለበት እጇ ላይ ነበር። ረጅም ጊዜ ካየችው በኋላ፣ "እርግጠኛ ነሽ?" አለችኝ።

"ነኝ።"

"ድንቹ እሳት ላይ ከሆነ እይው፤ ይፈርሳል" አለች። ገና አልጣድኩትም ነበር። ስወጣ ሻማው አልበራም።

በሳምንቱ አለቃዬ ጠርታኝ፣ ኢንግሪድ ሌላ ረዳት እንዲላክላት መጠየቋን ነገረችኝ። ምክንያት አልሰጠችም አለችኝ። ወደ ሌሎች ቤቶች ቀየሩኝ። አዲሶቹ ሰዎቼ ደግ ነበሩ፤ የሱፍ ካልሲ የሚሰጠኝ ግን አልነበረም። ባቡሩ ቫይትቬት ሲደርስ ወደ ሌላኛው መስኮት እዞራለሁ። ተናድጄባት ነበር። እኔ ምን አደረግኩ? የጠየቀችኝን ነገርኳት እንጂ። እንደዚያም እያልኩ በደለኛ ነኝ የሚል ነገር አይለቀኝም። አንዲት አሮጊት ያላት አንድ ሰው ቢኖር ታራራ ነበረች፤ እሷን ነጠቅኳት።

ሚያዝያ ላይ፣ በረዶው ሰው እንዳያንሸራትት መንገድ ላይ የተበተነው ጠጠር ሲጠረግ፣ አቧራው ዓይን ሲያጠፋ፣ ቱሊፕ አበባ ገዝቼ በራሴ ጊዜ ሄድኩ። ደወሉን ተጭኜ ልሮጥ ምንም አልቀረኝም ነበር። ከፈተችልኝ። ከስታለች።

"የተቆጣሁብሽ መስሎሽ ነበር አይደል?" አለችኝ።

"ያ" አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሁለታችንም ደነገጥን።

ተቀመጥን። "አፍሬ ነው" አለች። "ያን ልጅ የሚወዳትን እየጠራ እንደሞተ ነበር የማውቀው። መልካም ሞት ሰጥቼው ነበር፤ ለእሱ ሳይሆን ለራሴ። እሱ ግን እየጠየቀኝ ነበር። እኔ ደግሞ ያ፣ ያ እያልኩ ፈገግ ብዬለት ወደሚቀጥለው ቃሬዛ አለፍኩ።"

ላጽናናት ፈልጌ፣ "እጁን ይዘሽው ይሆናል" አልኳት።

"ይዤው ነበር ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር። አልያዝኩትም። ሰልፉ ረጅም ነበር።"

እኔም ያኔ መጠየቅ የማይገባኝን ጠየቅኩ። "ታዲያ የማን ሆነ?"

"አላውቅም" አለች። "በዚያ ሳምንት ከብዙ ተራራ ነው ሰው የመጣልን። አንዱ ዛሬ ይያዛል፣ ነገ ይለቀቃል። በኋላ መስመር ተሰመረና አንዳንዱ ወዲህ፣ አንዳንዱ ወዲያ ቀረ። የእሱ የትኛው እንደነበር ማን ይነግረኛል? እኛም እኮ እርስ በርሳችን እንጠያየቅ ነበር፤ ምን እስኪሆን ድረስ ነው እዚህ የምንቆየው እያልን። አለቆቻችንን ስንጠይቃቸው ትከሻቸውን ይሰብቃሉ።"

ያን ቀን ስለ ሽመልስ ነገርኳት። በኖርዌይኛ ለሰው ስነግር የመጀመሪያዬ ነበር። ሳይወድ በግድ ተወሰደ ለማለት ቃል አጥቼ ስንተባተብ ቃሉን እሷ ሰጠችኝ። ስሙን ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክራ አልሆነላትም። አዝናለሁ አላለችኝም። እዚህ አገር ለሁሉም ነገር አዝናለሁ ይባላል፤ እሷ አላለችም።

"አጠገቡ ማን ነበር?" አለችኝ።

"አላውቅም።"

"እኔን የመሰለች ትኖር ይሆናል" አለች። "ያ፣ ያ ብላ ያለፈች።"

ማጽናኛ ተብሎ የሚነገር ነገር አይደለም። ግን ከዚያ በፊት ስንቱ ሰው አጽናንቶኝ፣ አንዱም ቃል አብሮኝ አልቀረም። ያን ዕለት ነበር ኦስሎ ከገባሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለወንድሜ ያለቀስኩት። ኢንግሪድ አላባበለችኝም፤ አበባውን ውኃ ውስጥ አድርጋ፣ ድንች ጣደች።

ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ እሄድ ነበር። ማህሌትን ከመውለዴ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ሞተች። የሰማሁት ከተቀበረች በኋላ ነው።

ዛሬ የምሠራው ሲከየም ውስጥ ነው፤ አቅማቸው የደከመ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በሚኖሩበት ቤት። ባሏ ከሞተ ሃያ ዓመት የሆናት ሴት "ሰውዬው ዘገየ እኮ" ስትለኝ፣ "መንገድ ላይ ነው" እላታለሁ፤ ትረጋጋለች፤ እኔም አልጋዋን አነጥፋለሁ። በቀን ስንት ጊዜ እንደምዋሽ አላውቅም፤ አይቆጨኝምም። ኢንግሪድ ዛሬ ብትጠይቀኝ ምን እንደምመልስላት ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ሳስበው ታራራን እተውላት ነበር እላለሁ። ደግሞ ያ ልጅ ትዝ ይለኛል፤ ጠይቆ ጠይቆ፣ ጥያቄውን እንኳ የሚሰማው አጥቶ የሞተው። የእሷ መጽናኛ ይበልጣል ወይስ የእሱ ጥያቄ? በሃያ ሦስት ዓመቴ አላመነታሁም። አሁን አመነታለሁ፤ ዕድሜ አስተማረኝ የምለው ይህን ብቻ ነው።

በእነዚህ ዓመታት አገር ቤት ስደውል እንደገና የተራራ ስም እሰማለሁ። ይሄ ተያዘ፣ ያኛው ተለቀቀ። እህቴ ትነግረኛለች፣ እኔም እሺ እሺ እያልኩ እሰማለሁ። ደክሞኛል። ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችን የመጨረሻ ልጅ እንደዘመተ ነገረችኝ። እናቱን አውቃታለሁ፤ አብረን ነው የተማርነው።

"ለምን ሄደ?" አልኳት እህቴን።

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ። አልተቋረጠም ነበር።